የሞላውን ገንዳ ማን ያጎድለዋል?

በዓይን የማይታይ አረፋ፣ የብዙ አሥርት ዓመታት የኒውክሌር አተላ እና ለእኛም ቤት የሚተርፍ አንድ ጥያቄ

ጨጓራ የሚያስቸግረው ሰው ባለበት ቤት አንድ ነጭ ሽሮፕ አይጠፋም። ጠርሙሱን ለጥቂት ቀናት ሳይነኩት ቢተዉት ነጩ ነገር ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ ጠራ ያለ ውሃ ይቀራል። ከመጠጣትዎ በፊት በደንብ እንዲበጠብጡት የሚነገርዎ ለዚህ ነው። በብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ሽሮፖች ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ ይባላል። የጨጓራን አሲድ ያበርዳል እንጂ ምንም ጨረር የለውም።

ይኸው ነጭ ዱቄት እንግሊዝ አገር ውስጥ በአንድ ትልቅ ገንዳ ታች ተኝቶ፣ በዓለም ላይ ለማጽዳት እጅግ ከሚያስቸግሩ ቆሻሻዎች አንዱ ሆኗል ብልዎ ያምናሉ? ልዩነቱ ዱቄቱ ላይ አይደለም። አብሮት የዘቀጠው ነገር ነው፤ የዩራኒየም ብጥስጣሽ፣ ሲዚየም፣ ስትሮንቲየም፣ ፕሉቶኒየም። ይህን አተላ ከውሃው ለመለየት ከሚጠኑ መንገዶች አንዱ ደግሞ አረፋ ነው። በዓይን ቀርቶ በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ፣ «ናኖ አረፋ» የሚባል የአየር ጠብታ።

ይህን የምጽፍልዎ ኬሚስት ሆኜ አይደለም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራውም ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ አንድ ዕቃ ሲተዋወቅ ስለ ዋጋው፣ ስለ ጥራቱና ስለ ማሸጊያው ውበት ብዙ ይባላል። ዕቃው አልቆ ማሸጊያው ሲጣል ወዴት እንደሚሄድ ግን ማስታወቂያው አይናገርም። የኒውክሌር አተላ ታሪክ የሳበኝም በዚህ በኩል ነው። ሀገራችን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት ማሰቧን በይፋ በተናገረችበት ጊዜ፣ የመጨረሻውን ሂሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጋር አብሮ ማየት ለማንኛችንም አይከፋም።

ገንዳው እንዴት ሞላ?

ቦታው ሴላፊልድ ይባላል። በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ካምብሪያ ውስጥ፣ ባሕር ዳር ላይ ይገኛል። መጀመሪያ የተቋቋመው ለጦር መሣሪያ የሚሆን ፕሉቶኒየም ለማምረት ነበር። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 1956 ደግሞ እዚያው ግቢ አጠገብ የተሠራውን የካልደር ሆል የኤሌክትሪክ ማመንጫ ንግሥት ኤልሳቤጥ ሁለተኛ መርቀው ከፈቱ። በዚያ ዘመን ለሕዝቡ የቀረበው ወሬ ሁሉ ስለ ብርሃን ነበር።

የማመንጫው ነዳጅ የዩራኒየም ዘንግ ነው። ዘንጉ ከማግኒዥየም በተሠራ ልባስ ተሸፍኗል፤ ልባሱ «ማግኖክስ» ይባላል፤ የማመንጫዎቹም ስም ከዚሁ የመጣ ነው። ዘንጉ ሥራውን ሲጨርስ እጅግ ይሞቃል፣ ጨረሩም ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ውሃ በሞላበት ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ይነከራል። ውሃው ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ጨረሩንም ይከልላል። ዘንጉ እዚያ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወጥቶ፣ ልባሱ ተልጦ፣ ዩራኒየሙ ወደሚቀጥለው ፋብሪካ መሄድ ነበረበት።

በ1970ዎቹ አጋማሽ ግን ተቀባዩ ፋብሪካ በችግር ቆመ። ዘንጎቹ በገንዳው ውስጥ ከታሰበላቸው ጊዜ በላይ ቆዩ። ማግኒዥየም ደግሞ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ይበላሻል። ልባሱ እየተፈረፈረ ያ የምናውቀው ነጭ ዱቄት ሆነና ከታች ዘቀጠ። ገንዳው ጣራ የለውም፤ ነፋስ ያመጣው አቧራና ውሃ ውስጥ የበቀለው አልጌም ተጨመረበት። ውሃው ደፈረሰ፣ ታቹ ማየት ተሳነው።

ዛሬ በዚህ አንድ ገንዳ ውስጥ ስለነበረው ዝቃጭ ሲነገር ወደ 1,500 ሜትር ኩብ ይጠቀሳል። በእኛ ሰፈር መለኪያ፣ ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ 750 ያህል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝቃጭ ከገንዳው መውጣት የጀመረው በ2015 (እ.ኤ.አ.) ነው። ገንዳው ሲሠራ የተወለደ ልጅ በዚያን ጊዜ ጡረታ ሊወጣ ተቃርቦ ነበር።

በዚያው ግቢ ከዘንጎቹ የተላጠው ልባስ የተጣለበት ሌላ ማጠራቀሚያም አለ። 22 ክፍሎች አሉት። ይህ ደግሞ ያፈሳል። የእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥት ሂሳብ ኮሚቴ በ2025 ባወጣው ሪፖርት በቀን ወደ 2,100 ሊትር ፈሳሽ ወደ መሬት እንደሚሰርግ ገልጿል። በየቀኑ አንድ ትልቅ ሮቶ ማለት ነው። ኃላፊዎቹ ለአካባቢው ሕዝብ ዛሬ አደጋ የለውም ይላሉ፤ ሆኖም ፍሳሹ የሚቆመው ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን ነው።

አተላን ማውጣት ለምን ይከብዳል?

ጠላ ጠምቀው የሚያውቁ እናቶች ነገሩ ቶሎ ይገባቸዋል። ጋኑ ሳይነካ ሲቀመጥ አተላው ከታች ይረጋል። በቀስታ ሲቀዱት ጠላው ጥሩ ነው። ጋኑን ቢነቀንቁት ግን ሁሉም ይደፈርሳል፤ እንደገና እስኪረጋም መጠበቅ ነው።

የሴላፊልድ ዝቃጭም እንዲሁ ነው። ቅንጣቶቹ እጅግ ደቃቅ ናቸው። በፓምፕ ሲሳቡ ጥቂት አተላ ከብዙ ውሃ ጋር ይመጣል። ያ ውሃ ደግሞ እንደ ጠላ ቤት ውሃ ደጅ አይደፋም፤ እያንዳንዱ ሊትር ተጣርቶ፣ ተለክቶ፣ ተመዝግቦ ነው የሚለቀቀው። የቀረውም አተላ በበርሜል ታሽጎ መቀመጥ አለበት። ውሃ የበዛበት አተላ ብዙ በርሜል ይፈልጋል፤ ብዙ በርሜል ብዙ መጋዘን ይፈልጋል፤ ብዙ መጋዘን ብዙ ገንዘብና ለብዙ ዘመን የሚቆም ጥበቃ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ ቀርቦ በእጁ ሊሠራ አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ደቃቁን ቅንጣት ከውሃው እንዴት በፍጥነት፣ በትንሽ ቦታ፣ ሌላ ቆሻሻ ሳንጨምርበት እንለየው?

ከልጆችዎ ጋር ይሞክሩት

መልሱን ለማየት ከሱቅ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃና ጥቂት ዘቢብ ይግዙ። ውሃውን በብርጭቆ ቀድተው ሦስት አራት ዘቢብ ይጨምሩበት። ዘቢቡ መጀመሪያ ይሰምጣል። ወዲያው ግን በሽብሽቡ ውስጥ ትናንሽ አረፋዎች ይለጠፉበትና ሽቅብ ይዘውት ይወጣሉ። ከላይ ሲደርስ አረፋዎቹ ይፈነዳሉ፣ ዘቢቡም ተመልሶ ይወርዳል። እንደገና ይወጣል። ልጆች ይህን ሲያዩ ትክሻ የሚመታ ይመስላቸዋል።

ከውሃ የሚከብድን ነገር አየር ተሸክሞ ሊያወጣው ይችላል ማለት ነው። የማዕድን ኢንዱስትሪው ይህን ዘዴ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠቀምበት ቆይቷል። የመዳብ ድንጋይ ተፈጭቶ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ ሳሙና መሰል ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ከሥር አየር ይነፋበታል። ኬሚካሉ የመዳቡን ቅንጣት ውሃን የሚሸሽና አየርን የሚወድ ያደርገዋል። ቅንጣቱ በአረፋው ላይ ተጣብቆ ይወጣል፤ ከላይ ያለው አረፋ ይገፈፋል፤ ተራው ድንጋይ ከታች ይቀራል። ቅቤ ሲያነጥሩ ከላይ የሚሰበሰበውን አረፋ በማንኪያ እንደሚገፉት ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ዘዴ ለኒውክሌሩ አተላ ለምን ብቻውን አይበቃም? ቅንጣቶቹ ከመጠን በላይ ስለሚያንሱ ነው። ትንኝ በመዳፍዎ ሊመቱ ሞክረው ያውቃሉ? መዳፍዎ ከመድረሱ በፊት የገፋው ነፋስ ትንኟን ወደ ጎን ወስዶ ያስመልጣታል። ትልቅ አረፋም በውሃ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ ውሃውን ወደ ጎን ይገፋል፤ ደቃቁ ቅንጣት ከውሃው ጋር ተንሸራቶ ያመልጣል። አረፋና ቅንጣት ሳይገናኙ ይተላለፋሉ።

ናኖ አረፋ የሚባለው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ነው ትንሹ አረፋ የሚመጣው። ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ በታች የሆነ አረፋ ናኖ አረፋ ይባላል። ብዙዎቹ 100 እና 200 ናኖ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የሚሠሩት አየርን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ውስጥ አሟሙቶ ግፊቱን በድንገት በመልቀቅ፣ ወይም እጅግ በጠበቡ ቀዳዳዎች ውስጥ በማሳለፍ ነው። የጠርሙስ ክዳን ሲከፍቱ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ አረፋ ፈልቶ እንደሚወጣው ዓይነት፣ ግን እጅግ የረቀቀ።

የእነዚህ አረፋዎች ጠባይ ከምናውቀው የተለየ ነው። የአምቦ ውሃ አረፋ በአንድ ሁለት ሰከንድ ከብርጭቆው አፍ ይደርሳል። የ100 ናኖ ሜትር አረፋ ግን በሂሳብ ሲሰላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመውጣት ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ በተግባር የውሃው ሞለኪውሎች ወዲያና ወዲህ ስለሚያላጉት እንደተንሳፈፈ ይቆያል። ሁለተኛ፣ አንድን መጠን ያለው አየር ከአንድ ሚሊ ሜትር አረፋ ወደ 100 ናኖ ሜትር አረፋ ቢያደቅቁት፣ አየሩ ውሃውን የሚነካበት ገጽ 10,000 እጥፍ ይጨምራል። ሦስተኛ፣ የአረፋዎቹ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርሳቸው ተገፋፍተው ቶሎ አይዋሃዱም።

በተለመደው የፊዚክስ ሂሳብ መሠረት ይህን ያህል ትንሽ አረፋ በቅጽበት ሟሟቶ መጥፋት ነበረበት። በቤተ ሙከራ ግን ቀናትና ሳምንታት ሲቆይ ይለካል። ለምን? ሳይንቲስቶች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ለዶክትሬት ተማሪ ከዚህ የተሻለ ርእስ የት ይገኛል?

በአተላው ላይ የሚያደርገውም ይህን ነው። ናኖ አረፋው በደቃቁ ቅንጣት ላይ ይለጠፋል። አረፋ የለጠፈ ቅንጣት ከሌላው ጋር ሲገናኝ አረፋዎቹ እንደ ድልድይ ያያይዟቸዋል። አንድ ሁለት፣ ሁለት አራት እያሉ ይጓጉላሉ። ያን ጊዜ ትልቁ አረፋ ይመጣል፤ ጉጉሉ እንደ ነጠላ ቅንጣት አያመልጠውም፤ ተሸክሞት ይወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይሉ የለ!

ለኒውክሌር ሥራ ይህ ሌላም ጥቅም አለው። አየር ሥራውን ሲጨርስ ይሄዳል፤ ተጨማሪ አተላ አይተውም። በርሜል አያስጨምርም። መሣሪያውም ጨረር ባለበት ገንዳ ውስጥ ቶሎ የሚበላሽ ብዙ ተንቀሳቃሽ ክፍል አያስፈልገውም።

የሦስት አራት ዓመት ድካም

የሴላፊልድን ዓይነት አተላ በአረፋ የማንሳፈፍ ጥናት በስፋት ከሚካሄድባቸው ቦታዎች አንዱ የእንግሊዙ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ተመራማሪዎቹ የማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድን ዝቃጭ በሳሙና መሰል ኬሚካሎችና በአረፋ እያነሱ ሞክረዋል፤ ሲዚየምን የሚይዘውን ክሊኖፕቲሎላይት የተባለ ማዕድንም እንዲሁ። ይህ ማዕድን በሴላፊልድ ከ1985 ጀምሮ የገንዳዎቹን ውሃ ለማጣራት ሲያገለግል ቆይቷል።

የዶክትሬት ተማሪው ሥራ ፊልም ላይ እንደምናየው የጠፈር ልብስ ለብሶ ገንዳ ውስጥ መግባት አይደለም። ጨረር የሌለውን ነጭ ዱቄት በባልዲ ይበጠብጣል፤ የውሸት አተላ ይሠራል። ከዚያ አንዲት ጥያቄ ይዞ ዓመታት ይቀመጣል። ሳሙናው ምን ያህል ይሁን? ጨው ሲበዛ አረፋው ይጠፋል ወይ? ውሃው ቅዝቃዜው ቢለወጥስ? ኬሚካሉን ጨረር ቢሰባብረውስ? ጠዋት ያነሳው አረፋ ከሰዓት አይነሳለትም፤ እንደገና ይጀምራል። ውጤቱም ብዙ ጊዜ ዜና የሚሆን ነገር አይደለም፤ አንድ ግራፍ፣ አንድ ቁጥር፣ «በዚህ በኩል አይሄድም» የሚል አንድ ሐቀኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌላው ተማሪ ግን ከዚያ ይጀምራል።

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁንልዎ። ዛሬ በሴላፊልድ አተላው የሚወጣው በፓምፕና በሩቅ በሚታዘዙ ማሽኖች ነው። ናኖ አረፋ ለዚህ ሥራ ገና በጥናት ላይ ያለ ነገር ነው። ደግሞም አረፋ ጨረርን አያጠፋም። ጨረሩን የያዘውን ነገር ይሰበስባል፣ መጠኑን ያሳንሳል፣ ለማሸግ ያመቻቻል፤ ከዚህ አያልፍም። ጨረርን የሚያጠፋው ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜውን በጎንደር ግንብ እንለካው። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጉት በ1636 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሲዚየም 137 የሚባለው ንጥረ ነገር በየ30 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። በፋሲል ዘመን የተቀመጠ ሲዚየም ቢኖር ኖሮ ዛሬ የሚቀረው ከሺህ አንድ እጅ በታች ነበር። ፕሉቶኒየም 239 ግን በግማሽ ለመቀነስ 24,000 ዓመት ያህል ይፈልጋል። ያ ቢሆን ኖሮ ከፋሲል እስከ ዛሬ የቀነሰው ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ነው። ግንቡ ፈርሶ፣ እንደገና ተሠርቶ፣ ደግሞ ፈርሶ፣ እሱ እዚያው ነው።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?»

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ የኒውክሌር አተላ የለም። የኒውክሌር ማመንጫ ስለሌለን። ይሁን እንጂ ከጨረር ጋር እንግዶች አይደለንም። ሀገራችን የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1957 (እ.ኤ.አ.)፣ ኤጀንሲው በተቋቋመበት ዓመት ነው። በቃሊቲ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ ለማምከን ጨረር ሥራ ላይ ውሏል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛ የነበረው የካንሰር ጨረር ሕክምና መሣሪያ ኮባልት 60 የሚጠቀም ነበር። ከጎንደርና ከሰሜን ጎንደር ደጋ ሳይቀር ስንቱ ሕመምተኛ ወረፋ ጠብቆበታል።

ኮባልት 60 በአምስት ዓመት ከጥቂት ወር በግማሽ ይደክማል። ለሕክምና ሲደክም ለሰው አደገኛነቱ አላበቃም፤ ተጠብቆ መቀመጥ አለበት። ይህ ሲዘነጋ ምን እንደሚሆን ብራዚል በ1987 አይታለች። ጎያኒያ በተባለች ከተማ ከተተወ ክሊኒክ ውስጥ የቀረ የሕክምና መሣሪያን ሰዎች እንደ ቁራሌው ብረት ነቅለው ወሰዱት። በውስጡ የነበረው የሲዚየም ዱቄት በጨለማ ሰማያዊ ስለሚያበራ ቤተሰብና ጎረቤት ተሰብስቦ አየው፣ ነካው። 4 ሰዎች ሞቱ፤ አንዷ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። 249 ሰዎች ተበከሉ። ማሽኑ ሕይወት ለማዳን የተገዛ ነበር። የጎደለው «ሥራውን ሲጨርስ ወዴት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ነገሩ ወደ እኛ ቀረብ ብሏል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ ለሰላማዊ አገልግሎት የሚውል የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ማቀዷን ተናገሩ። መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሞስኮ ላይ ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የድርጊት መርሐ ግብር ተፈረመ። የዛሬዎቹ ማመንጫዎች ከማግኖክስ ይለያሉ፤ የአብዛኞቹ ነዳጅ ልባስ ከዚርኮኒየም የተሠራ ነው፤ ውሃ ውስጥ እንደ ማግኒዥየም ፈርሶ ነጭ ጭቃ አይሆንም። ሆኖም ያገለገለ ነዳጅ ሁሉ ገንዳ ይፈልጋል፤ ከገንዳው በኋላም ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

ስለዚህ ሀገራችን ትገንባ ወይስ አትገንባ የሚለው ክርክር የየራስዎ ነው፤ እኔ የምልዎ ሲከራከሩ የምረቃውን ቀን ብቻ ሳይሆን የማጽጃውንም ቀን ይዘው ይከራከሩ ነው።

ጎንደር ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች

የጥምቀት ዕለት ጎንደር ሄደው የሚያውቁ ከሆነ የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር አይተዋል። ዓመቱን ሙሉ ባዶውን ይቆይና በዓሉ ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ይገባበታል። ወጣቱ ይዘልበታል፣ ምእመኑ ይጠመቅበታል፤ በዓሉ ሲያልፍ ውሃው ይለቀቃል። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት የሠሩት ሰዎች ውሃው የሚገባበትን ብቻ ሳይሆን የሚወጣበትንም አስበውበታል። ገንዳው ዛሬም በየዓመቱ ይሞላል፣ በየዓመቱ ይጎድላል።

ከከተማዋ አጠገብ ያለውን አንገረብን ደግሞ ይመልከቱ። ለጎንደር የመጠጥ ውሃ የሚሰጥ ግድብ ነው። ክረምት ሲገባ ከበላዩ ካሉት ተራሮችና ከታረሱ ገደላማ ማሳዎች የሚወርደው ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባል። ደለሉ ከታች ሲተኛ የውሃው ቦታ ይጠባል። ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ በበጋ እርከን ሲሠራ የሚያድነው ማሳውን ብቻ አይደለም፤ የከተሜውንም ቧንቧ ጭምር ነው። አፈሩን እላይ ማሳው ላይ ማስቀረት፣ ግድብ ሞልቶ ከመዛቅ በብዙ ይቀላል። የአንገረብ ደለል ጨረር የለውም፤ ትምህርቱ ግን ከሴላፊልድ ጋር አንድ ነው።

ጎንደር ሌላም ታሪክ አላት። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 (እ.ኤ.አ.) የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጎን «ሳኒታሪያን» የሚባሉ ባለሙያዎች ሠለጠኑ። ሥራቸው ምንጭ ማጎልበት፣ መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ቆሻሻ የሚሄድበትን ማየት ነበር። ሕመምተኛው ሆስፒታል ከመድረሱ በፊት፤ ሳይቃጠል በቅጠል። ካልደር ሆል ሊመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ጎንደር ላይ ወጣቶች «ይህ ቆሻሻ ወዴት ይሄዳል?» ብለው መጠየቅን በክፍል ውስጥ ይማሩ ነበር ማለት ነው።

ዋጋው ስንት ነው?

ወደ ሙያዬ ልመለስ። አንድን ነገር «ርካሽ ነው» ለማለት ሙሉ ዋጋውን ማወቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው የማግኖክስ ማመንጫ የተዘጋው በዲሴምበር 2015 ነው። ከካልደር ሆል ምረቃ ጀምሮ ቢቆጠር 59 ዓመት ነው። የሴላፊልድ ጽዳት ደግሞ እስከ 2125 (እ.ኤ.አ.) እንደሚቀጥል ታቅዷል፤ የተገመተው ወጪ 136 ቢሊዮን ፓውንድ ነው። ከዚህ ውስጥ የጦር መሣሪያው ዘመን ድርሻም አለበት። ያም ሆኖ፣ 59 ዓመት ለበራ መብራት 110 ዓመት የሚከፈል ሂሳብ ነው። ከፋዮቹም ብዙዎቹ ገና አልተወለዱም።

ይህን ሁሉ ዕዳ ያመጣው የኒውክሌር ሳይንስ ብቻ አይደለም። ገንዳው ሲነደፍ አተላው እንዴት እንደሚወጣ ስላልተነደፈ ነው። ዛሬ የሊድስ ተማሪ አረፋ እያነፋ የሚፈልገው መልስ፣ ያኔ በስዕል ጠረጴዛ ላይ ሊመለስ ይችል ነበር።

ልጅዎ ቢጠይቅዎ

ናኖ አረፋ ጨረርን ያጠፋል? አያጠፋም። ጨረር ያለበትን ደቃቅ ነገር ከውሃ ለይቶ ለመሰብሰብ ይረዳል።

የጨጓራ ሽሮፕ ጨረር አለው? የለውም። የሴላፊልዱን አተላ አደገኛ ያደረገው ከነዳጁ የወጣውና አብሮት የዘቀጠው ነገር ነው።

አረፋ ለሌላ ነገር ይጠቅማል? አዎ። ናኖ አረፋ በዓሣ እርባታ፣ በፍሳሽ ማጣሪያና በአልጌ የተጎዱ ኩሬዎችን በማከም ሥራ ላይ ይውላል፤ ለውሃው ኦክስጅን ያደርሳል።

ይህን ለመማር ምን ይጠናል? ኬሚስትሪ፣ ኬሚካል ምሕንድስና፣ ፊዚክስ፣ የአካባቢ ጤና። ሂሳብና ትዕግሥት ለሁሉም ያስፈልጋሉ።

ቤታችን ውስጥስ? ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ቤት ጥቂት ነው። የሮቶ መውጫ ቧንቧ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ከፍ ስለሚል ደለል ከሥሩ ይቀራል። ክረምት ካለፈ በኋላ አስጎድለው ያሳጥቡት። አዲስ ሲገዙም ሻጩን ስንት ሊትር እንደሚይዝ ብቻ አይጠይቁት፤ ከሥሩ የሚታጠብበት መውጫ እንዳለው ይጠይቁት።

ለሀገርም የሚጠየቀው ይኸው ነው። የኒውክሌር ማመንጫ ስብሰባ ላይ አንድ ቀን የእርስዎ ልጅ ትቀመጥ ይሆናል፤ እንደ መሐንዲስ፣ እንደ ጋዜጠኛ፣ ወይም እንደ አካባቢው ነዋሪ። ንድፉ ግድግዳው ላይ ሲዘረጋ ውሃው የሚገባበትን ሁሉም ያሳያታል። የሚወጣበትን እንድትጠይቅ ከአሁኑ ያስተምሯት።